ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ዝናቡን ጥሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በነሐሴ፣ ያውም መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ሳምንት፣ ስለ ጽሕፈት ሊሰማ ከቤቱ የሚወጣ ሰው መኖሩ ለእንደኔ ዓይነቱ ትልቅ ነገር ነው። የጋበዙኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች “ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ዘዴ ንገረን” ብለውኝ ነበር። ዘዴውን የሚያስተምሩ መጻሕፍት እዚሁ መደርደሪያው ላይ ስላሉ፣ መጻሕፍቱ ብዙ ስለማያነሡት ነገር ላውራ ብዬ አስፈቀድኩ፤ ደግነታቸው ነው፣ ፈቀዱ።

አንባቢ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ታሪኩ እውነት ነው?” ብሎ ነው። ቀጥሎ “ስትጽፍ ምን ይሰማሃል?” ይለኛል። ለብዙ ዓመታት “ደስ ይለኛል” እያልኩ አልፌዋለሁ። ግማሹ ውሸት ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ቡና ይዛ ገብታ ትንሽ ቆማ አየችኝና “ልጄ፣ ይኼ ነገር እንዲህ የሚያምህ ከሆነ ለምን አትተወውም? ማን አዘዘህ?” አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ ብቻዬን ስስቅ ሰምታ በር ላይ ቆማ አማተበች። እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ ያየችው ያ ነገር ነው የዛሬው ርዕሴ።

የማነሣው ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ስሜት ለምን እንዲህ ይወጣል ይወርዳል? ያ ስሜትስ ስለ ጽሑፉ የሚነግረን ነገር ይታመናል? በመጀመሪያ ከራሴ ጠረጴዛ አንድ ጠዋት ወስጄ ስሜቱ ከየት እንደሚነሣ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ከዚያ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎችን ወደ ምስክርነት እጠራለሁ። ቀጥሎ በወረቀት ላይ ስለሚሞቱ ሰዎች እናወራለን። መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ስለሚመጣው ነገር፣ ጊዜ ከተረፈን፣ በመጨረሻ ጥቂት እላለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን፣ ዛሬ “ጦቢያ” እያልን የምንጠራውን መጽሐፍ፣ “ልብ ወለድ ታሪክ” ብለው ነው የሰየሙት። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እሱ ነው፤ የዘርፉም ስም ከዚያው ሽፋን ላይ ወርዶ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ልብ የወለደው ታሪክ። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም በአማርኛ ልብ ሁለት ሥራ አለው። “ልብ በል” ስንል አስተውል ማለታችን ነው። “ልቡ ተሰበረ” ስንል አዘነ ማለታችን ነው። የሚያስበውና የሚታመመው አንድ አካል ነው። አናጢ ሲከፋው መዶሻው አይከፋውም፤ ሚስማሩን እንደ ወትሮው ይመታል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን መዶሻውም ልቡ፣ የሚከፋውም ልቡ ነው። “ደራሲ” የሚለውም ስም አንዳንዴ ፈገግ ያሰኘኛል። ሊቃውንቱ ሥሩን ለየብቻ ያደርጉት ይሆናል እንጂ በጆሮ ሲሰሙት ደራሲ ማለት የደረሰ ሰው ይመስላል። እኔ የማውቃቸው ደራስያን በሙሉ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ባለመድረስ ነው።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልውሰዳችሁ። ባለፈው ሰኔ የጀመርኩት ታሪክ አለ። ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶ አርባው ወጥቷል። ልብሱን ለነዳያን ልትሰጥ ከሳጥን እያወጣች ስታጥፍ በቡናማው ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አንድ ወረቀት ታገኛለች። የፎቶ ቤት ደረሰኝ ነው። ቀብድ ተከፍሏል፣ ፎቶው አልተወሰደም፤ ቀኑ ሰውየው ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ይኸው ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ሁሉም ነገር ሙሉ ነበር፤ የኮቱ ሽታ፣ የሳጥኑ የብረት መቆለፊያ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን፣ ሴትዮዋ ሳትተነፍስ የቆየችባት ቅጽበት። እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህንን ከጻፍኩት አልኩ፣ ሌላ ነገር ባልጽፍም ግድ የለኝም።

ሁለት ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ሲያዩ እጅግ አዘኑ” የሚል ነበር። አነበብኩት። ከዕድር ማስታወቂያ የተቀዳ ይመስላል። ሰረዝኩና “የወይዘሮ አስካለ ዓይኖች በእንባ ተሞሉ” አልኩ። ይህ ዓረፍተ ነገር የእኔ አይደለም፤ የሁሉም ሰው ነው፣ በሁሉም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሰረዝኩት። በሦስተኛው ላይ፣ ይቅርታችሁን፣ ውጭ ዝናብ እንዲዘንብ አደረግሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ገጹ ሙሉ በሙሉ ጭረት ሆኖ እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድም ቀን መጻፍ ችዬ የማላውቅ፣ ሰዎችን ለሃያ ዓመት ያታለልኩ ሰው መሆኔን እርግጠኛ ሆኜ ነበር። የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ወረፋ መያዝ አስደሳች ሥራ ሆኖ ታየኝ። ጫማዬን ማድረግ ጀምሬ ነበር።

ያቆመኝ ትንሽ ነገር ነው። አንዱን ጫማ አድርጌ ሳለ “ለምንድን ነው እሳቸው የምላት?” የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሰውን በወረቀት ላይ ስናቆም ገና ስሙን ከመጥራታችን በፊት እሷ ወይስ እሳቸው ብለን መወሰን አለብን። እኔ ከአክብሮት የተነሣ እሳቸው ብዬ፣ በአክብሮት ሴትዮዋን ደጅ አስቁሜያት ኖሯል። ልቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሩቅ ጎረቤት ሆኜ ነበር የማያት። ወይዘሮውን አነሣሁና እሷ አልኩ። እንዲህም ሆነ፦ “አስካለ ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈች።”

ይህን ስጽፍ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቁልፎቹን እንደምትቆልፋቸው አላውቅም ነበር። ሌሊት ሳስበው ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ባዶ ኮት ሰው ውስጡ እንዳለ አድርጋ ቆለፈችው፤ ማዘኗን፣ መጠርጠሯንም፣ ሰውየውን ገና አለመልቀቋንም አንድ ላይ አየሁት። አንድ እግሬ ጫማ፣ አንዱ ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ ግቢው ውስጥ ስዞር የጎረቤት ልጅ በአጥር ላይ ሆኖ አየኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ምሳዬን እንደ ባለ ሠርግ በላሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ “ይህን ነገር አንድ ቦታ አንብቤው ይሆን?” የሚል ጥርጣሬ ገብቶኝ እስኪመሽ መደርደሪያዬን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ከዚህ ጠዋት የምማረው ይህ ነው። በሐሳብ ውስጥ ያለ ታሪክ ቃል የለውም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አለ፣ ማንም ምንም አይከፍልበትም። ገበሬ እህሉን ማሳ ላይ ቆሞ ሲያየውና ጎተራ ውስጥ ሲሰፍረው አንድ አይደለም፤ ማሳው ላይ ነፋስ ሲያወዛውዘው ዓመቱን ሙሉ የሚያበላ ይመስላል። መጻፍ መስፈር ነው። ቃል ከቃል በኋላ በሰልፍ ይመጣል፤ አንዱን ስትመርጥ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ወደ ታች የሚጎትተን ስሜት የሚነሣው በልባችን የነበረው ነገር ወረቀቱ ላይ አልደርስ ሲል ነው። ወደ ላይ የሚያወጣን ደግሞ በልባችን ያልነበረ ነገር ወረቀቱ ላይ ሲገኝ ነው። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ጠዋት ይመጣሉ፤ አንደኛውን ያለ ሌላው የቀመሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስሜቱ ከየት እንደሚመጣ ይህን ያህል ካልኩ ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ስሜቱ ይታመናል ወይ? በአገራችን ሙግት ምስክር ይጠራል፣ ይጠየቃል፣ ይሰማል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም። ጸሐፊ የሆንን ሰዎች ትልቁ ስሕተታችን ምስክሩን፣ ማለትም ስሜታችንን፣ ወስደን ዳኛው ወንበር ላይ ማስቀመጣችን ይመስለኛል። ሁለት ሰዎችን ልጥራ።

አንደኛው የፕራጉ ፍራንዝ ካፍካ ነው። ቀን ቀን በሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት እያገለገለ ሌሊት ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1912 ከ22 ወደ 23 በሚያነጋው ሌሊት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተቀምጦ እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ “ፍርዱ” የተባለውን አጭር ልብ ወለድ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። እግሮቹ ከጠረጴዛው ሥር ደንዝዘው ማውጣት እስኪያቅተው ነበር የተቀመጠው። ጠዋት ወደ እኅቶቹ ክፍል ገብቶ አነበበላቸው። በማስታወሻ ደብተሩም መጻፍ ማለት እንዲህ ብቻ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር አሰፈረ። ለአለቃው ደግሞ ራሴን ስቼ ነበር ብሎ ወረቀት ልኮ ከሥራ ቀረ፤ ይህችን ክፍል በጣም እወዳታለሁ፤ የደስታ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሕመም አስመስሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለት ወር አልሞላም፤ በኅዳር ወር ሌላ ታሪክ ጀመረ። ሰውዬው አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ ተባይ ሆኖ ራሱን የሚያገኝበት፣ “ሜታሞርፎሲስ” ተብሎ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ማለት ነው። ይህኛው በአንድ ሌሊት አልመጣም፤ በመካከሉ ለሥራ ጉዳይ መንገድ እንዲወጣ ታዘዘ፣ ክሩ ተቆረጠ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ካፍካ ለዓመታት ቅር እንዳለው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1914 ደብተሩ ላይ ታሪኩን እንደጠላው፣ መጨረሻው እንደማይነበብ፣ እስከ መቅኔው ድረስ ጎዶሎ እንደሆነ ጽፏል። እንግዲህ አንድ ሰው፣ በአንድ መከር፣ ሁለት ታሪክ ጽፎ በአንዱ ሰማይ ደረሰ፣ በሌላው ተጸየፈ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነበበው የተጸየፈው ነው።

ሁለተኛው ምስክር አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ ነው። “ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ” የተባለውን፣ ከኦክላሆማ ተፈናቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ ስለሚሰደድ የገበሬ ቤተሰብ የሚተርከውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ጎን ለጎን የውሎ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1938 በግንቦት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በጥቅምት 26 ቀን ጨረሰ። በእጁ ይጽፋል፣ ባለቤቱ ካሮል ትተይባለች፣ ርዕሱንም ያገኘችለት እሷ ናት። ማስታወሻው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሟል። እኔ ስከፍተው የታላቅ ሰው ምስጢር አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት የጎረቤት የግንባታ ጫጫታ፣ እንግዳ፣ የቤት ግዢ ጣጣና፣ በየጥቂት ቀኑ የሚመላለስ አንድ ኑዛዜ ነው፦ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ራሴንም ሰውንም እያታለልኩ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ግን የዕለቱን ሥራ ይመድባል፤ ነገ ደግሞ ይመጣል። ሊጨርስ ሲቃረብ እንኳ መጽሐፉ ከተራ መጽሐፍ እንደማያልፍ ነበር የተሰማው። እ.ኤ.አ. በ1939 ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ደራሲው ደግሞ በ1962 ኖቤል ተሸለመ።

እዚህ ላይ “ስለዚህ መጥፎ ስሜትን መስማት አያስፈልግም” ብዬ ብጨርስ ያምርልኝ ነበር። ነገር ግን የዚያው የስታይንቤክ ታሪክ አያስኬደኝም። ከዚያ ልብ ወለድ ጥቂት ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ የሰላጣ አትክልት ሠራተኞች አድማ ዙሪያ አንድ ስላቅ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ጠላው፤ ክፉና ዝቅ ያለ ሥራ ነው ብሎ ራሱ አጠፋው። ያን ጊዜ ምስክሩ እውነቱን ተናግሮ ቢሆንስ? ያንን ባያጠፋ ይኼኛውን ይጽፍ ነበር? አንድ ዓይነት ጥላቻ አንድ ጊዜ ትክክል፣ አንድ ጊዜ ስሕተት ይሆናል፤ መልኩ ደግሞ አንድ ነው።

የቀደሙት የእኛ ሊቃውንት ይህን ነገር በሥርዓት የፈቱት ይመስለኛል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሊደርስ፣ ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ መቃብር ቤት ጥግ ይሄዳል። እዚያ ይብሰለሰላል፣ ቃል ያጣል፣ ቃል ያገኛል፣ ብቻውን ይስቃል። አላፊ አግዳሚውም ተማሪ መሆኑን ስለሚያውቅ እብድ አይለውም። ከዚያ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ቅኔውን ይዞ ለነገራ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ደግሞ ከዛፉ ሥር ምን እንደተሰማህ አይጠይቁህም። ቤት መታ? ሰሙና ወርቁ ተስማማ? ያን ይሰማሉ፣ ያርማሉ። የሚቆጠርበት ቦታና የሚነገርበት ቦታ ለየብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው መንገድ አለ፣ መንገዱም በእግር ይኬዳል። እኛ ዘመናዊ ነን ያልነው ሁለቱን ቦታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስላደረግናቸው ነው ስንቆጥር የምንነግረው፣ ስንነግር የምንቆጥረው። እኔ አሁን የጻፍኩትን ምዕራፍ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ ሦስት ወር እተወዋለሁ። ሳወጣው የትኛውን ገጽ በደስታ፣ የትኛውን በምሬት እንደጻፍኩት ከእጅ ጽሑፌ ካልሆነ ከዓረፍተ ነገሩ መለየት አልችልም።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ነገር ላንሣና ልለፈው። “ደራሲ ሁሉ ትንሽ ይነካካዋል” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ናንሲ አንድሪያሰን የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በአይዋ 30 ደራስያንን ከ30 ሌሎች ሰዎች ጋር አስተያይተው፣ ከደራስያኑ 80 በመቶው በዕድሜያቸው የሆነ ጊዜ የስሜት ሕመም አጋጥሟቸው እንደነበር፣ ከሌሎቹ ግን 30 በመቶው ብቻ እንደሆኑ ጽፈዋል። ጥናቱ በጣም ይጠቀሳል፤ ሠላሳ ሰው ግን በአንድ ሚኒባስ ሁለት ምልልስ የሚያልቅ ሕዝብ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ከምሳ በፊት መጥቶ ከእራት በፊት ስለሚሄድ ስሜት ነው። ሳምንት አልፎ ሳምንት የማይለቅ፣ እንቅልፍና እህል የሚከለክል ጨለማ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሐኪም እንጂ ደብተር አይፈልግም፤ ለሥነ ጽሑፍ ብሎ የሚያስታምመውም ሰው አይኑር።

አሁን በወረቀት ላይ ወደሚሞቱት ሰዎች እንምጣ። ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ደግሞ ያስቃል።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፍሎበር “ማዳም ቦቫሪ”ን እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1856 ሲጽፍ ነበር፤ አንድ ገጽ ቀናት ይወስድበታል። ኤማ የምትባለው ባለታሪኩ አርሰኒክ ውጣ ስትሞት ሲጽፍ የመርዙ ጣዕም አፉ ላይ እንደመጣና እራቱን እንዳስመለሰው በኋላ ለአንድ ወዳጁ በደብዳቤ ነግሮታል። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ኤማና ወዳጇ በፈረስ በጫካ ሲጋልቡ የጻፈ ዕለት ደግሞ ወንዱንም ሴቲቱንም፣ ፈረሶቹንም፣ ቅጠሉንም ሆኜ ዋልኩ ብሎ በደስታ ጽፏል። ሰውን ሆኖ የሚጋልብ፣ ሰውን ሆኖ መርዙንም ይውጣል። ሒሳቡ አንድ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በየቤቱ ስንት ሰው ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል እንዳለቀሰ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ትልልቆቹ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ያኔ የአንባቢና የአድማጭ እንባ ብዙ ጎረቤት ነበረው፤ ሰው ለሰው “ትናንት ሰማህ?” ይባባላል። እኔ የማስበው ግን ያንን ሞት ቀድመው ብቻቸውን የኖሩበትን ሐዲስ ዓለማየሁን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ዓመታት በግዞት የቆዩ፣ የሞት መልክ የማይጠፋቸው ሰው ነበሩ። ርዕሱ ራሱ ፍቅሩ የት እንደሚያበቃ ከሽፋኑ ላይ ይነግረናል። ይህን እያወቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሙሉ በዛብህን ማሳደግ፣ ማስተማር፣ ማፋቀር! ልጅን እንደዚያ አድርጎ ማሳደግ ይቻላል?

የእኔው ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መጽሐፌ ውስጥ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንድ ረፋድ ላይ ሞቱብኝ፤ መሞታቸው ግድ ነበር። ምሳ ቀርቦ ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ “ምን ሆነሃል?” አለችኝ። “ጋሽ ታደሰ ሞቱ” አልኳት። እንጀራውን አስቀመጠች። “ውይ! የትኛው ጋሽ ታደሰ? መቼ?” ብላ ተነሥታ ነጠላዋን አነሣች፤ ልቅሶ ቤት ልንሄድ ነው። ያን ጊዜ “የለም፣ የመጽሐፉ ናቸው” ማለት ነበረብኝ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ “ልቤን አወለቅከው እኮ!” አለችኝ። ነጠላዋን አጥፋ ስትመልስ ሳይ ግን እኔ ልስቅ አልቻልኩም። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ሰው ብቻውን አይተውም። ለጋሽ ታደሰ ማን ይመጣል? ነፍስ ይማር የሚል የለም። ከሰዓት ተመልሼ የቀብራቸውን ዝናብ፣ የሬሳ ሣጥኑን ዋጋ፣ የሚያጽናናውንም ሰው ራሴ ጻፍኩ። ያቺ ምሽት ለማንም ልነግራት የማልችላት፣ በደንብ ያለቀስኩባት፣ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የረካሁባት ምሽት ናት። በዚህ እርካታ ለረጅም ጊዜ አፍሬያለሁ። አሁንም ትንሽ አፍራለሁ።

ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ከኅትመት በኋላ ስላለው አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ስሜት ባዶነት ነው። “ተፈጸመ” ብለህ እስክሪብቶህን ስታስቀምጥ እንግዶቹ በአንድ ጊዜ የወጡበት ቤት ውስጥ ትቀራለህ። ከዚያ ማተሚያ ቤት፣ ወረቀት ጨመረ፣ ቀለም የለም። ከዚያ የመጀመሪያው ቅጂ እጅህ ይገባል፤ ስትከፍተው ስሕተቱ ያለበት ገጽ ላይ ይከፈትልሃል። እኔ “እናቱን ሳማት” ያልኩት “እናቱን ሰማት” ተብሎ ታተመ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ከወራት በኋላ አንድ አንባቢ ካፌ ውስጥ እጄን ይዞ “ያቺን ‘እናቱን ሰማት’ ያልካትን ነገር አልረሳትም፤ ስንት ሰው ነው እናቱን የሚሰማ?” አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ልበለው?

ይህ ሁሉ ግን ፍርሃት የሌለበት ሰው ቅሬታ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ደራሲ ረቂቁን ለሳንሱር ሰጥቶ ይጠብቅ ነበር፤ የቅድሚያ ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. “ደራሲው” ብሎ ስለዚሁ ስለ እኛ ሥራ ልብ ወለድ አሳትሟል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1975 ዓ.ም. “ኦሮማይ” ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ያንን መጽሐፍ የመጨረሻውን ገጽ በጻፈባት ሌሊት ምን እንደተሰማው የሚናገር ሰው የለም። እኔ ስለ አንድ የፊደል ስሕተት ሦስት ቀን ስተኛ የበዓሉ ነገር ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን ገፍፌ እነሣለሁ።

ስለ አስካለ ልንገራችሁና ላብቃ፤ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዲት እኅት ፎቶው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ በዓይኗ እየጠየቀችኝ ነው። አላውቅም። ኮቱን ለነዳያን አልሰጠችውም። ሁለት ሳምንት ከሰረዝኩ በኋላ ትናንት ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ደረሰኙን በመሐረብ ጠቅልላ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። ባለ ፎቶ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አየና “ይኼ እኮ ቆየ” አላት። ቀሪውን ሒሳብ ስትቆጥርለት ቆይ እመጣለሁ ብሎ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ። መሳቢያ ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማል። እሷ ባንኮኒውን ይዛ ቆማለች፤ እኔም እዚያው ትቻት ነው የመጣሁት።